በሬም ቀኝና ግራ አለው፦ «ወጣቱ ሥራ ይመርጣል» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ስልኬ ላይ ደጋግሞ ደረሰኝ። መጀመሪያ የሰፈራችን ቅሬ (እድር) የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ቀጥሎ አብሮኝ የተማረ ልጅ ላከልኝ። ማታ ላይ ደግሞ አጎቴ ከወልዲያ «አንብበው፤ እውነቱን ነው» ብሎ ላከው። ስለ ወሎ ወጣትና ስለ ሥራ የተጻፈ ነው። አጻጻፉ ጥሩ ነው። ጸሐፊው ለአካባቢው እንደሚቆረቆሩም ያስታውቃል። ዋናው ሐሳብ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። አጎቴን ጨምሮ ብዙ ሰው ስለተቀበለው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቅጥር ማስታወቂያ ለወራት ተለጥፎ ይከርማል፣ ደሴ ላይ ደግሞ ወጣቱ ጀበና ቡና ዙሪያ ተቀምጦ ይውላል ይላሉ። ስለዚህ የጠፋው ሥራ ሳይሆን የመሥራት ፍላጎት ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ማንኛውንም ሥራ ይለምደዋል። «የሚስማማኝ ሥራ» ማለት ቅንጦት ነው። አባቶቻችን እርሻ ይስማማናል ወይ ብለው ሳይጠይቁ አርሰው አሳድገውናል። ሦስተኛ፣ ተቀጥሮ በአንድና በሁለት ወር የሚለቅ ሰው ታማኝነት የጎደለው ነው። አሠሪዎች የትምህርት ማስረጃውን ወይም የመጀመሪያ ወር ደመወዙን ይዘው ያቆዩት፣ ለቅቀው የሚሄዱትንም ስም እየመዘገቡ ይለዋወጡ። አራተኛ፣ ሁሉም በተማረበት ሙያ ብቻ ቢቀጠር ችግሩ ከሥሩ ይነቀላል።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው የምቀበለውም፣ መልቀቂያ የምጽፈውም እኔ ነበርኩ። ሰው ያለ ቦታው ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን በየቀኑ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት ራሴም ያለ ቦታዬ ተቀምጬ አውቃለሁ።

ከማስታወቂያው ልጀምር። ለወራት ተለጥፎ መክረሙ እውነት ነው። አንዳንዱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ግን ምን ይላል? «የሥራ መደብ፦ ኦፕሬተር። ብዛት፦ 50። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት። ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል መሠረት።» በቃ። ደመወዙ ስንት እንደሆነ የለም። በፈረቃ እንደሚሠራ የለም። በሰዓት ስንት ቁራጭ እንደሚጠበቅ የለም። ከደሴ የምትመጣ ልጅ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ፣ በር ላይ ተሰልፋ፣ ስሟን አስመዝግባ ነው ደመወዙን የምትሰማው። አንዳንዴ ከፈረመች በኋላ።

ያን ጊዜ ሒሳቡን ትሠራለች። የቤት ኪራይ ይቀነሳል። ምግብ ይቀነሳል። በሳምንት አንዴ ወደ ቤተሰብ ስትሄድ የመኪና ይቀነሳል። የቀረውን አይታ «ይቅርብኝ» ብትል ሥራ መረጠች ይባላል? እኔ ሒሳብ ቻለች ነው የምለው።

ጽሑፉ የዘለለው ሌላም ነገር አለ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሰዉ የፋብሪካን ሥራ ገና እየለመደው ሳለ ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከተሞቹ ኅዳር መጨረሻ ላይ እስኪለቀቁ ድረስ ስንት ድርጅት እንደተዘረፈና እንደወደመ እዚህ ያለን ሰዎች እናውቃለን። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ልብስ መላክ ቀረ። ሦስት አራት ዓመት ማሽን ላይ ተቀምጣ ሙያውን የያዘች ልጅ ያኔ ቤቷ ገባች። ዛሬ ቡና ስትጠጣ ያያት ሰው ሥራ የጠላች ሊመስለው ይችላል።

ደግሞስ ሥራ የሚጠላ ሰው በባቲ በኩል ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከጂቡቲ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን አልፎ ሳዑዲ በግ ሊጠብቅ ይሄዳል? ከወሎ ስንት ልጅ በዚህ መንገድ እንደሄደ ጸሐፊውም ያውቃሉ። በየሰፈሩ የሄደ ልጅ የሌለው ቤት መፈለግ ይቀላል። እነዚህ ሥራ ፈርተው አልሄዱም።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ቢሮ ካልሆነ አልሠራም ብሎ ዓመታት የተቀመጠ ልጅ አለ። በእኔም ዘመዶች ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ልጁን ያስቀመጠው ቤተሰቡ ነው። «ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?» የሚል አባት አለ፤ ጎረቤት ምን ይላል የምትል እናት አለች። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ልቆይ። ጽሑፉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

«አባቶቻችን እርሻ ይስማማናል ወይ ብለው አልጠየቁም» የሚለው ሲሰሙት ደስ ይላል። የገበሬው መንደር ግን እንደዚያ አይደለም። እናቴ የተሁለደሬ ልጅ ናት። ትምህርት ሲዘጋ አያቶቼ ዘንድ ነበር የምከርመው። ጤፍ ሲዘራ ዘሩን የሚበትነው የተገኘው ሰው አይደለም። እጁ የታወቀ ሰው ነው። እጁ ያልተካነ ሰው ከበተነው አንዱ ጋ ይታጨቃል፣ ሌላው ጋ መሬቱ ባዶውን ይቀራል። ጅጌ ሲጠራ ክምር የሚከምረው ሌላ ነው። አውድማ ላይ በሬ የሚነዳው ሌላ ነው። እርቅ ሲኖር ንግግር የሚያውቅ ይላካል። ሠርግ ሲሆን የወጥ ድስቱን የምትይዘው ሴት ከነስሟ የታወቀች ናት። ቅሬ ላይ ገንዘብ የሚይዘውና ድንኳን የሚተክለው አንድ ሰው አይደለም። መንዙማ የሚያወጣው ድምፅ ያለው ነው፤ ሌላው ይቀበላል።

ይህን ሁሉ ማንም ወረቀት ላይ አላሰፈረውም። መንደሩ ግን ማን ለምን እንደሚሆን ያውቃል። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሠራ ስላየው ነው የሚያውቀው። ከተማ ውስጥ የጎደለን ይህ ነው። ቀጣሪው ልጁን አያውቀውም። ልጁም ሥራውን አያውቀውም። ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲቪ ይገናኛሉ፤ ከዚያ አልስማማ ሲሉ ጥፋቱ በልጁ ጠባይ ላይ ይለጠፋል።

በሬ እንኳ እንዲያው አይጠመድም። የቀኝ በሬ አለ፣ የግራ በሬ አለ። የለመደውን ጎን አስለቅቀው ከጠመዱት ፈሩ ይጣመማል፤ ቀኑም በትግል ያልፋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የሁለቱን በሬዎች ቁመትና እርምጃ ነው። ያልተመጣጠኑ ከሆኑ ቀንበሩ የአንዱን አንገት ያቆስላል። አያቴ አንገቱ የቆሰለ በሬ ሲያይ በሬውን ሲሳደብ አልሰማሁም። ቀንበሩን ነበር አገላብጦ የሚያየው።

ሽማግሌዎች ሥራ አይናቅም ብለዋል። እውነት ነው። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውንም የተረቱት እነሱው ናቸው። ሥራ ፈታ ላለመባል ብቻ የሚያዝ ሥራ ቤት እንደሚያፈርስ ያውቁ ነበር።

ከፋብሪካው አንድ ሰው ላንሳ። ሐዋ እላታለሁ፤ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ከቃሉ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። በስምንተኛ ወሯ ከላይኑ፣ ማለት ከስፌት መስመሩ፣ ሁሉ ፈጣኗ ሆነች። የምትሰፋው ኮሌታ ነበር። ኮሌታ ከባድ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሆኑ ሸሚዙ በሙሉ ይበላሻል። ከሐዋ እጅ የወጣ ሥራ ግን ተመልሶ አይመጣም ነበር። አለቆች ተደሰቱና ሱፐርቫይዘር አደረጓት። ደመወዟ ጨመረ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሐዋ ሰው መቆጣት አትችልም። ያጠፋችውን ልጅ ከመናገር ይልቅ ራሷ ተቀምጣ ትሰፋላታለች። አንዷን ስትረዳ ሌሎቹ ሃያ ምናምኖቹ ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራሉ። ላይኑ ታርጌት መድረስ አቃተው። ጠዋት ስብሰባ ላይ ሲጠይቋት ዕንባ ይቀድማታል። ከዚያ መቅረት ጀመረች። ግምገማዋ ላይ «ኃላፊነት የማይሰማት» ተብሎ ተጻፈ።

እንግዲህ ያቺው ልጅ ናት። ያው እጅ፣ ያው ጠባይ፣ ያው አስተዳደግ። መጋቢት ላይ ጎበዝ የነበረች ልጅ በምን ተአምር ግንቦት ላይ ሰነፍ ሆነች? የተለወጠው ወንበሯ ብቻ ነው። ነገሩ የጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎበዝ ሰው የትም ቢቀመጥ ጎበዝ ይሆን ነበር። ጸሐፊው ለዚህ መልስ ካላቸው ከልቤ መስማት እፈልጋለሁ።

ሐዋ ወደ ማሽኗ ልትመለስ ጠየቀች። በእኛ መመሪያ ከኃላፊነት ወርዶ መመለስ የሚታወቀው በቅጣት ብቻ ነበር። ሳይቀጡ የሚመልሱበት መንገድ አልነበረም። ለቀቀች። እኔም በጊዜው አልተከራከርኩላትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የራሴም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ደሴ ውስጥ አንድ ድርጅት ገንዘብ ያዥ አድርጎ ቀጠረኝ። ሰው እያናገረኝ ከቆጠርኩ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ይጎድላል። ጉድለቱ ከደመወዜ ይቆረጣል። አለቃዬ «ሐሳብህን ሰብስብ» ይለኝ ነበር። ሰበሰብኩ። ሌሊት በሕልሜ ሁሉ ብር ስቆጥር አድር ነበር። ምንም አልተሻለም። ከዓመት በኋላ የሰው ኃይል ክፍል ስገባ ግን ሰው ማናገር፣ ያው ቆጠራዬን ያጠፋብኝ የነበረው ነገር፣ እንጀራዬ ሆነ።

እርግጥ ሰው ይለምዳል። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት የትም ቦታ ከባድ ነው። የማሽኑ ድምፅ ሲነሳ የምትደነግጥ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት እየሳቀች ስትሰፋ አይቻለሁ። ግን አለመልመድና አለመስማማት ለየቅል ናቸው። ያልለመደ ሰው በየሳምንቱ ትንሽ ይሻሻላል። ያልተስማማው በየሳምንቱ ትንሽ ይብስበታል። ቀርቦ ላየ አለቃ ልዩነቱ በወር ውስጥ ይታያል። ችግሩ ቀርቦ የሚያይ መጥፋቱ ነው።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ። ይህ ያሳዘነኝ ነጥብ ነው። ምክንያቱም ሐሳብ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንዳንድ አሠሪ አንብቦ ነገ ሊያደርገው ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። ለምን? ሠራተኛው ለሚመደብበት ሥራ ተስማሚ መሆኑን ለመመዘን። ጸሐፊው ቅንጦት ያሉትን ቃል ሕጉ ራሱ ይጠቀምበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ማሰናበት ይችላል። ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ሙከራው የሁለቱም ነው። በሁለተኛው ወር «አልሆነልኝም» ብሎ የሄደ ልጅ ሕጉ የሰጠውን ነው ያደረገው። ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ የሠራበትን ደመወዝ መያዝ ደግሞ ክልክል ነው። ሲለቅም የሥራ ልምዱን ጽፎ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ሕጉን ብንተወው እንኳ ነገሩ አያዋጣም። ወረቀቱ ስለተያዘበት ብቻ የቀረ ሰው አይሠራም፤ ይቀመጣል። ስፌት ላይ ደግሞ አንድ ሰው ከተቀመጠ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ።

ቶሎ መልቀቅ የወሎ ልጅ ጠባይ እንዳልሆነም ማስረጃ አለ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለጉልበትና ለፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ። ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው ለቅቋል። እነዚህ ሥራ ጠልተው ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች አይደሉም። ፈልገው፣ ሄደው ያመለከቱ ናቸው። ከዚያው ከአመልካቾቹ መካከል በዕጣ 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና የደረሳቸው ደግሞ በራሳቸው ሥራ በዓመት ውስጥ ገቢያቸውን ወደ ሲሶ ያህል አሳድገዋል። ሙሉውን ልናገር፦ ከአምስት ዓመት በኋላ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። ስለዚህ ገንዘብ መስጠት መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ሥራ ፈልጎ ያመለከተ ሰው በብዛት እየለቀቀ ከሄደ ግን ሥራው ምን ይመስላል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አሠሪው የሚጎዳ መሆኑን አልክድም። ሰው አሠልጥኖ በሳምንቱ ባዶ ወንበር ማየት ያበሳጫል። ሳይናገር የሚጠፋ ልጅ ጓደኞቹንም ይጎዳል። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ባዶውን ወንበር የምሞላው እኔ ነበርኩና።

ለዚያም ነው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ሌላ ነገር የሞከርነው። ሰው ከመፈረሙ በፊት ግማሽ ቀን ላይኑ ውስጥ እንዲቀመጥ አደረግን። ደመወዙን በብር ነገርነው። ፈረቃውን፣ የምሳ ሰዓቱን፣ ቅዳሜን ነገርነው። ከቆየች ኦፕሬተር አጠገብ አስቀምጠን «የሚከብድሽ ምንድነው ብለህ ጠይቃት፤ እኛ አንሰማም» አልነው። አንዳንዱ ምሳ ሳይደርስ አመስግኖ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ አለቆች ይህን አልወደዱትም። ቅጥር አዘገየህ ተባልኩ። በእርግጥም ያዘገያል። ከግማሽ ቀኑ በኋላ የፈረመው ግን አስቀድሞ አይቶ የገባ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ድንገት የሚጠፋብን ሰው ቀነሰ። ማሽን ላይ እጁ ያልታዘዘለትን ደግሞ ልብስ መተኮሻው፣ መቁረጫው ወይም መጋዘኑ ጋ እንሞክረው ነበር። መጋዘን ውስጥ የተገኙ ጎበዞች ነበሩን። ስፌት ላይ ብቻ ብንፈትናቸው ኖሮ አናገኛቸውም ነበር።

አራተኛው ነጥብ፣ ወረቀቱና ወንበሩ ይግጠሙ የሚለው፣ በአጭሩ ይመለሳል። ሐኪም፣ ነርስ፣ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ በወረቀቱ ይቀጠር። ክርክር የለኝም። ለቀረው ግን ወረቀቱ ከየት መጣ? ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ ሲደለደል ነበር። ልጁ ምርጫ ይሞላል። ምደባው ሌላ ከተማ ይጥለዋል። ዲፓርትመንቱን ደግሞ ውጤቱና የቦታው ብዛት ይወስኑለታል። በአራትና በአምስት ዓመቱ የሚይዘው ዲግሪ ምደባው የት እንዳደረሰው ይናገራል። ልጁ በምን እንደሚበረታ ላይናገር ይችላል። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ አውቃለሁ። ደንበኛ ሲመጣለት ፊቱ ይበራል። በጸሐፊው መፍትሔ ይህ ልጅ ሳይት ላይ መመለስ አለበት። ለማን ጥቅም?

በአዲስ አበባ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም አለ። ለአንዱ ቡድን ሥራ ፍለጋ የሚሄዱበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ሌላው ቡድን ችሎታው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት አገኘ፤ ራሱን ለቀጣሪ እንዴት እንደሚያስረዳም ተማረ። ከአራት ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ ነበር። ችሎታቸው የተፈተነላቸውና ራሳቸውን ማስረዳት የተማሩት ግን የተሻለ ያገኙ ነበር፣ በሥራቸውም የበለጠ ይረኩ ነበር፣ ሥራቸው ላይም ይቆዩ ነበር። እነዚህን ልጆች ማንም ስለ ትጋት አልመከራቸውም። ምን እንደሚችሉ ታወቀላቸው፤ ከዚያ ቦታቸውን አገኙ። መንደሩ ለዘሪው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የቀረኝ የስም ዝርዝሩ ነው። ያ ዝርዝር በእኔ ጊዜ ቢኖር ኖሮ የሐዋ ስም ይገባበት ነበር። የምጽፈውም እኔ ነበርኩ። «ኃላፊነት የማይሰማት፣ ሱፐርቫይዘር በሆነች በሁለት ወር የለቀቀች» ብዬ ለሌሎች ፋብሪካዎች እልክ ነበር። ኮሌታ ሰፊ የሚፈልግ ሁሉ በሩን ይዘጋባት ነበር።

ባለፈው ጥር ሐርቡ ላይ አገኘኋት። ሁለት ማሽን አላት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እኔ በገባሁበት ሰዓት አንድ አባወራ ዋጋ ይከራከር ነበር። የምትመልስለት ታናሽ እህቷ ናት። ሐዋ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ኮሌታ ትሰፋለች።